የራምቦ ደብዳቤዎችና የተቀበሏቸው እጆች

አርተር ራምቦ ጁን 10 ቀን 1871 ለፖል ደምኒ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ አንድ ልመና አለ፤ ዱዌ በነበርኩ ጊዜ የሰጠሁዎትን ግጥሞች ሁሉ ያቃጥሏቸው ይላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልመና ያልኩት ለጨዋነት ነው እንጂ ቃሉስ የትእዛዝ ነው። እንዲያውም ፈቃዴን እንደ ሟች ፈቃድ እንደሚያከብሩልኝ አምናለሁ ሲል ያክልበታል። ይህን የሚጽፈው «ሟች» ገና የ16 ዓመት ልጅ ነው፤ አሥር ዓመት የሚበልጠውን ገጣሚ «አንቱ» እያለ የሚያዝዝ የሻርልቪል ልጅ።

ደምኒ አላቃጠለም። ከፍቅር ይሁን ከስንፍና ለእኔ ልዩነት የለውም። 22 ግጥሞች በመሳቢያው ተቀመጡ፤ በ1887 ለሮዶልፍ ዳርዘንስ ተሸጡ፤ ኋላም ደራሲው ስቴፋን ዝዋይግ ገዛቸው፤ ዛሬ በለንደን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ። በአረንጓዴው ሸለቆ ውስጥ የተኛ የሚመስለው፣ ኋላ ግን ጎኑ በሁለት ጥይት የተበሳ ሆኖ የምናገኘው የዚያ ወጣት ወታደር ግጥም ከነዚህ መካከል ነው። እኔ ራምቦን የወደድኩት በዚህ ግጥም ነው። ስለዚህ ሳላውቀው የደምኒ ባለዕዳ ሆኜ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

የገጣሚ ደብዳቤ ሲነበብ ዓይን የሚያርፈው በጻፈው እጅ ላይ ብቻ ነው። እኔ ግን የራምቦን ደብዳቤዎች መዝገበ ቃላት በአጠገቤ አድርጌ በፈረንሳይኛው እያዘገምኩ ሳነብ፣ ከጻፈው እጅ ይልቅ የተቀበለው እጅ ያስጨንቀኝ ጀመር። ደብዳቤ ግጥም አይደለምና። ግጥም ለማንም ነው፤ ደብዳቤ ግን ለአንድ ሰው ነው፤ ዕጣውም በዚያ አንድ ሰው እጅ ነው።

ስመ ጥር የሆኑት ሁለቱ ደብዳቤዎች የሜይ 1871 ናቸው። የመጀመሪያው በ13ኛው ቀን ለቀድሞ መምህሩ ለዦርዥ ኢዛምባር፣ ረዥሙ ደግሞ በ15ኛው ቀን ለደምኒ ተጻፈ። በሁለቱም ውስጥ ሰዋስው የሚሰብር አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «እኔ» የሚለውን ባለቤት የ«እሱ» ከሆነ ማሰሪያ ጋር ያጋባዋል። ይህ ነገር በአማርኛ እንዴት ያምራል! በብዙ ቋንቋ ግሡ ሰውየውን አያሳብቅም፤ በእኛ ግን «እኔ» ብሎ ጀምሮ በ«ነው» የጨረሰ ተማሪ ያኔውኑ ይታረማል። ራምቦ የፈለገው ያን መታረም የሚገባውን ስሕተት ነው። የሚናገረው «እኔ» የማውቀው እኔ አይደለም፤ ሌላ ነው፤ ስለዚህ «ነኝ» አይገባውም።

ኢዛምባር ምን አደረገ? በደብዳቤው ውስጥ የመጣለትን ግጥም በሚያላግጥ ግጥም መለሰለት። መምህር ነውና አረመው ማለት ይቻላል። አልፈርድበትም፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለእኔ ቢደርሰኝ ኖሮ ልጁ ታሟል ብዬ ለእናቱ እጽፍ ነበር ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ፓሪስ፣ ቬርሌን፣ ለንደን፤ በጁላይ 1873 ብራስልስ ላይ የተተኮሰው ሽጉጥ፤ ከዚያም ዝምታው። በኦገስት 1880 ኤደን ላይ ከንግድ ቤት ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሐረር ገባ። ሐረር ያኔ በግብጾች እጅ ነበረች።

ከዚህ ወዲያ ያሉት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ለእናቱና ለእኅቱ ናቸው፤ ሙቀቱን፣ ድካሙን፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይቆጥራሉ። ግጥም ፈልጎ የሚገባ አንባቢ ባዶ እጁን ይወጣል። ከመካከላቸው ግን አንዱ ለልጅነት ጓደኛው ለኤርነስት ዴላዬ የተጻፈ ነው፤ ኤደን፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1882። ስለ ሐረርና በዙሪያዋ ስላሉት አገሮች ከነካርታውና ከነሥዕሉ መጽሐፍ ላዘጋጅ ነው፤ የመለኪያ መሣሪያዎች ግዛልኝ ይለዋል። የተላከው በእናቱ በኩል ነበር። እናቲቱ ግን ገንዘብ የሚያባክን ዕቅድ አይወዱም፤ ደብዳቤውን ለባለቤቱ ሳያደርሱ አስቀሩት። አንድ እጅ አቃጥል ሲባል ያስቀምጣል፤ ሌላ እጅ አድርስ ሲባል ያስቀራል።

በሐረር የመጨረሻ ዓመታቱ፣ ከ1888 እስከ 1891፣ እውነተኛ የደብዳቤ ወዳጅ አገኘ። አልፍሬድ ኢልግ ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘንድ የነበረው ስዊዛዊ መሐንዲስ። ሁለቱም የ1854 ልጆች ናቸው። መልእክቶቻቸው በ1965 ፓሪስ ውስጥ ታትመዋል። ስለ ቡና፣ ስለ ዝሆን ጥርስ፣ ስለ ዝባድ፣ ስለ ማርያ ቴሬዛ ብር፣ ስለዘገየ ሲራራ ነው ወሬያቸው። ነገር ግን ይስቃሉ። ኢልግ በአንዱ ላይ፣ ከዚያ አስፈሪና ኮስታራ ጭንብልህ በስተጀርባ ብዙዎች ሊቀኑበት የሚገባ ጨዋታ ደብቀሃል ይለዋል። በሌላው ደግሞ መጻፍ ለማያውቅ ሕዝብ የማስታወሻ ደብተር ሽጥ ብለህ ትልክብኛለህን ብሎ ያፌዝበታል። (ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ ሲጽፍ የኖረን አገር እንዲህ ማለቱ ሲያነቡት ቆጥቆጥ ያደርጋል። ግን ገበያው ያልፈለገውን ሸቀጥ የታቀፈ ነጋዴ ምሬት ነውና ይቅር ብየዋለሁ።)

በዲሴምበር 20 ቀን 1889 ደብዳቤ ላይ ስደርስ ግን ሳቁ ቀረ። ራምቦ ኢልግን አንድ ጥሩ በቅሎና ሁለት ወንዶች ልጆች ባሮች እንዲገዛለት ይጠይቀዋል። በቅሎውና ልጆቹ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ናቸው። ቀልድ እንዳይመስልህ የሚል ቃልም አለበት፤ አጥብቄ የምጠይቅህ ነው ይላል።

ይህን ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ተመልሼ አንብቤዋለሁ። ራምቦ ባሪያ ነጋዴ ነበር ብለው የጻፉ ነበሩ፤ ነገሩ በኋለኞቹ ተመራማሪዎች ፈርሷል፤ እኔም ነጋዴ ነበር አልልም። ልጆቹን ለቤቱ አገልግሎት ፈልጎ ነው የሚሉትን እሰማለሁ። ዘመኑ እንዲያ ነበር የሚሉትንም እሰማለሁ፤ በርግጥም ሻጩም ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ የእኛው ሰው ነበር፤ ይህን ሸሽጎ ፈረንሳዊውን ብቻ መኮነን አያምርም። ነገር ግን እነዚያ ሁለት ልጆች የማን ልጆች ይሆኑ ነበር? ከየትኛው ቀዬ? ለሞተው ወታደር ያን ያህል የራራች ነፍስ በሕይወት ስላሉት ልጆች የጻፈችው ይህንኑ ነው፤ ከበቅሎ ቀጥሎ።

የዘመኑን ሰበብ የሚያፈርሰው ሌላ ማንም ሳይሆን ተቀባዩ ነው። ኦገስት 23 ቀን 1890 ኢልግ መልስ ጻፈ። ባሮቹን በሚመለከት ይቅርታ አድርግልኝ፣ ገዝቼ አላውቅም፣ መጀመርም አልፈልግም አለ። በጎ አሳብህን አልጠራጠርም፣ ግን ለራሴም ቢሆን አላደርገውም። ቁጣ የለበትም፤ ስብከትም የለበትም። በአንድ ዓመት የተወለደ፣ በአንድ አገር የሚነግድ፣ ያንኑ ገበያ የሚያይ ሰው ነው። ወዳጅነቱንም አላቋረጠም። እኔ ይህን መልስ ከብዙ ግጥም አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ገጣሚው ግን የጻፈው አይደለም።

በሌላው ወገን ጃሚ አለ፤ በሐረር ያገለግለው የነበረው ወጣት። ራምቦ ሊሞት ሲል ስሙን ይጠራ ነበር፤ 3000 ፍራንክም ተናዞለታል። ገንዘቡ ሲደርስ ጃሚ ራሱ በሕይወት አልነበረም። ይህን የማነሣው ከዚያኛው ደብዳቤ ጋር በሚዛን ላስቀምጠው አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ ሰው ናቸውና ነው።

ኤፕሪል 1891 ጉልበቱ አብጦ፣ በ16 ሰዎች ሸክም ከሐረር ወደ ዘይላ ወረደ። ሜይ 27 ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ለራስ መኮንን ጻፈ፤ ራስ መኮንንም በጁላይ ሐዘናቸውን የሚገልጽ መልስ ላኩለት። ተመልሼ እመጣለሁ የሚል ተስፋ ነበረው።

የመጨረሻው ደብዳቤ የኖቬምበር 9 ነው። እኅቱ ኢዛቤል በአልጋው አጠገብ ተቀምጣ እሱ ሲል እሷ ጻፈችው። ለወዳጅ የተጻፈ አይደለም፤ ለአንድ የመርከብ ድርጅት ኃላፊ ነው፤ የኃላፊው ስም እንኳ የለበትም። የዝሆን ጥርሶችን በተራ ይቆጥራል፤ አንድ ዕጣ፣ አንድ ጥርስ፤ አንድ ዕጣ፣ ሁለት ጥርስ፤ እያለ ይወርዳል። ሰውነቴ ሽባ ነውና ቀደም ብዬ መሳፈር እፈልጋለሁ፣ በስንት ሰዓት ወደ መርከቡ መወሰድ እንዳለብኝ ንገሩኝ ብሎ ይጨርሳል። በማግስቱ በ37 ዓመቱ ዐረፈ።