ሃያ በመቶ የዐድዋ መንፈስ

ስለ ሀገር ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ፣ ስለ ዘፈንና ስለ ፊልም ሲያወጋ ለአንዳንድ አንባብያን ቅንጦት ይመስላቸዋል። ‹‹ሕዝቡ በኑሮ ውድነትና በጦርነት በተጨነቀበት ዘመን ጨዋታ ምን ይረባል?›› ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር አልቀየመውም። ይሁን እንጂ ፖለቲካችን የሚገለጠው በአዋጅና በመግለጫ ብቻ አይደለም። ስማችን ሲጠራ ምን እንደምንሆን፣ የአያቶቻችንን ድል በምን መልክ ማስታወስ እንደምንመርጥ፣ አንድን ዘፈን ገና ሳናዳምጠው በየትኛው ወገን እንደምንመድበው፣ እነዚህ ሁሉ ፖለቲካ ናቸው። እኔ ደግሞ የፖለቲካ ጽሑፍ ከመጀመሬ አስቀድሞ የጨዋታ፣ የሸክላና የፊልም ወዳጅ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የወደድሁትንና ያልወደድሁትን ከነምክንያቱ ልናገር።

ነገሬን ‹‹ሲቪላይዜሽን›› በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ልጀምር። ለማያውቀው አንባቢ፣ ጨዋታው ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ መርጦ ከጥንት ዘመን እስከ ጠፈር ዘመን የሚመራበት ነው። ከተማ ይቆረቁራል፣ ዕውቀት ያስፋፋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይዋዋላል ወይም ይዋጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአራተኛው እትም ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሪነት ገባች። በ2012 በአምስተኛው እትም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መጥተው በአማርኛ ተናገሩ። በ2020 ደግሞ በስድስተኛው እትም ተራው የዳግማዊ ምኒልክ ሆነ።

ከሦስቱ ይበልጥ ያሳሰበኝ አምስተኛው ነው። በእርሱ ውስጥ ኢትዮጵያ የተሰጣት ልዩ ችሎታ ‹‹የዐድዋ መንፈስ›› ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጠላት ከኢትዮጵያ የበለጠ የከተማ ብዛት ካለው፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች በውጊያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ ብርታት ያገኛሉ። ‹‹መሐል ሰፋሪ›› የሚባል የራሷ ጦርም አላት፤ ወደ ዋና ከተማዋ በቀረበ መጠን ይበረታል።

መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከሮም፣ ከቻይናና ከእንግሊዝ ጎን የሀገርን ስም ማየት፣ ባዕዳን በሠሩት ጨዋታ ውስጥ የራስን ቋንቋ መስማት ትንሽ ነገር አይደለም። ደስታው ሲበርድ ግን አንድ ጥያቄ ከነከነኝ። ያ 20 በመቶ ከየት መጣ? ተጫዋቹ አልለፋበትም፣ አልከፈለበትም፣ አላሰበበትም። ኢትዮጵያን በመምረጡ ብቻ ተሰጠው። ዐድዋ የልደት ስጦታ ሆነች ማለት ነው።

እውነተኛዋ ዐድዋ እንዲህ አልነበረችም። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ በ17ኛው አንቀጽ ላይ የተነሣው ክርክር ዓመታት ፈጅቷል። በዚያው ዘመን ሀገሪቱ ‹‹ክፉ ቀን›› በተባለው ረኃብ ተመትታ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጥቶ ነበር። ከዚያ መከራ ገና ሳያገግሙ ጠመንጃ መግዛት፣ ስንቅ ማከማቸት፣ የየአውራጃውን መኳንንት በአንድ ዓላማ ማሰለፍ ግድ ሆነ። የክተት አዋጁ የታወጀው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ሠራዊቱ ወረኢሉ ላይ ተገናኝቶ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ ድሉ የተገኘው ግን የካቲት 23 ቀን ነው። በመካከሉ ያሉት ወራት የጉዞ፣ የስንቅ፣ የአጋሰስና የጭነት ወራት ነበሩ። መቀሌ ላይ የጣልያንን ምሽግ ያስጨነቀውም የጠላትን የውኃ ምንጭ መያዝ ነው፤ በዚህ ምክር እቴጌ ጣይቱ ይታወሳሉ። ይህን ሁሉ በመቶኛ መተመን አይቻልም። አስቦ የመሥራት ውጤት ነውና።

ጨዋታ ሠሪዎቹን አልወቅስም። ጨዋታ ሕግ ያስፈልገዋል፤ ሕግም ቁጥር ይፈልጋል። የሚያሳስበኝ እኛ ራሳችን በዚሁ ሕግ መጫወታችን ነው። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ባለሥልጣኑ ‹‹የዐድዋ ልጆች ነን›› ይላል፤ ተቃዋሚውም ያንኑ ይላል። አንዱ ድሉን ለብቻው ሊወርሰው ይሻል፤ ሌላው ‹‹የእኔ አይደለም›› ብሎ ይገፋዋል። ሁሉም የሚከራከረው ስለ ባለቤትነት ነው። ያ ስንቅ እንዴት እንደተሰበሰበ፣ እርስ በርስ ሲዋጉ የኖሩ ሰዎች በምን ብልሃት በአንድ ሜዳ እንደተሰለፉ ማንም አይጠይቅም። ሁላችንም ተሰልፈን 20 በመቶአችንን እንጠብቃለን።

በአንጻሩ ልቤን የገዛው ጨዋታ ‹‹ኸርትስ ኦፍ አይረን›› ነው። የአራተኛው እትም ዋና ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1936 ነው። ያ ቀን ለአውሮፓ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ይሁን እንጂ ለእኛ ጦርነቱ ከተጀመረ ወራት አልፈውታል። በ2022 የወጣው ተጨማሪ ክፍል ለኢትዮጵያ የራሷን የውሳኔ መንገድ ከፈተላት። እዚህ የሚያድን መንፈስ የለም። ጣልያን ከኤርትራም ከሶማሊያም ይመጣል፤ ፋብሪካው ጥቂት ነው፤ መሣሪያው አይበቃም፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ተጫዋቹ ተራራውን ይዞ ጊዜ መግዛት፣ ያለችውን ጠመንጃ ለማን እንደሚሰጥ መወሰን፣ ሽንፈት ቢመጣም በስደት የሚኖር መንግሥት ይዞ መቀጠል ይኖርበታል።

አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ተይዛብኛለች። ሆኖም በተያዘች ቁጥር ከመጽሐፍ የማውቀውን ዘመን በሌላ ዐይን አየሁት። ከማይጨው በኋላ ‹‹ይቆዩ ወይስ ይሂዱ›› የተባለው ክርክር ለእኛ ትውልድ ንጉሡን ማወደሻ ወይም መክሰሻ ሆኖ ቀርቷል። ክርክሩን በእኩለ ሌሊት ካርታ ላይ ተቀምጦ ለሚወስነው ሰው ግን ሁለቱም መንገድ ዋጋ አለው። ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የነበሩት አምስት ዓመታት በጄኔቭ ንግግር ብቻ አልተሻገሩም፤ በአርበኞች ጥይት ብቻም አልተሻገሩም። እርግጥ ጨዋታው ጉድለት አለው። ካርታው ክፍለ ጦርንና ፋብሪካን ይቆጥራል እንጂ የእናትን ለቅሶ አይቆጥርም። ተጫዋቹ ከፈለገ ጣልያንን መርጦ ድል ማድረግ መቻሉም ሆድ ያስብሳል። ያም ሆኖ ከሚያሞግሰኝ ጨዋታ ይልቅ የሚያስጨንቀኝን እመርጣለሁ።

በዚሁ ሚዛን ‹‹ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ›› በ2015 ያመጣውን የዮዲት ዘመቻም ወድጄዋለሁ። ዮዲት በእኛ ዘንድ የጥፋት ስም ናት፤ የፈረሰ ሁሉ በእርሷ ይሳበባል። ጨዋታው ግን ተጫዋቹን በእርሷ ወገን አሰልፎ ወደ አክሱም ይመራዋል። ታሪኩ ልብ ወለድ የበዛበት ነው። ቢሆንም ክፉ ስትባል የኖረችን ሴት ነገር ከእርሷ በኩል ሆኖ ማየት ምቾት የሚነሣ፣ ስለዚህም የሚጠቅም ልምምድ ነው።

በሙዚቃም የማየው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ ‹‹ብሮክን ፍላወርስ›› ፊልም በሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ታጅቦ ሲወጣ የብዙዎቻችን ልብ ሞቀ። ‹‹ዓለም አወቀን›› ተባለ። ልክ ነው፤ እኔም ያንን ፊልም እወደዋለሁ። ዳሩ ግን ዛሬ ‹‹ወርቃማው ዘመን›› እያልን የምንኮራበት ሸክላ እንዴት ተሠራ? በዚያን ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት አዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን አጥር ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ደርግ ከመጣ በኋላ አምሃ ተሰደደ። የቀረውን ሰብስቦ ለዓለም ያቀረበው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው፤ ‹‹ኢትዮፒክስ›› በተባለው ተከታታይ እትሙ በ2017 30ኛው ላይ ደርሷል።

እንግዲህ ልብ እንበል። የምንኮራበትን ሙዚቃ አንድ ግለሰብ በመንግሥት ፈቃድ ሳይሆን በድፍረት አሳተመው፤ ከዚያም የሌላ ሀገር ሰው ከመጥፋት አዳነው። የእኛ ድርሻ ኩራቱ ብቻ ሆነ። ኩራት ያለ ጥበቃ ምን ዋጋ አለው? ሙዚቀኛው በሕይወት ሳለ የድካሙን ዋጋ የማያገኝባት ሀገር ሲሞት ‹‹ታላቅ ቅርሳችን›› ብትለው፣ ያም ያልተሠራለት 20 በመቶ ነው።

ስለ አዲሱ ዘፈን ደግሞ አንድ ምሳሌ ልስጥ። የቴዲ አፍሮ ‹‹ኢትዮጵያ›› አልበም በ2009 ዓ.ም. ሲወጣ የቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። ሀገር ውስጥ ግን ጆሮ ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ መጀመሪያ ያገኘው ወገን ነው። ግማሹ ርእሱን አይቶ አጨበጨበ፤ ግማሹም ርእሱን አይቶ ተቆጣ። እኔ ከአልበሙ የምወደው ርእሱን የተሸከመውን ዘፈን ሳይሆን ‹‹ማር እስከ ጧፍ››ን ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው። ያ ዘፈን አድማጩን ከራሱ አውጥቶ ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ይልከዋል። መጽሐፉን ያላነበበ ሄዶ ማንበብ ይኖርበታል። ዘፈኑ ኩራት አይሰጥም፤ የቤት ሥራ ይሰጣል።

ወደ ፊልም ስመጣ በእኔ ሚዛን ‹‹ጤዛ››ን የሚያህል የለም። የኃይሌ ገሪማ ፊልም በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ሽልማቱ ያስደስታል፤ የምወደው ግን ስለ ሽልማቱ አይደለም። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አብዮት አይቶ፣ አካሉ ጎድሎ ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ ለተመልካቹ የሚያቀርበው መልስ የለውም። ፊልሙ የተማረውን ሰው ይመረምረዋል፤ የእኛኑ ዓይነት ሰው ማለት ነው። ለሕዝብ ያሰብነው ሐሳብ ሕዝቡን ሲፈጀው የት ነበርን? ከቲያትር ቤት ወጥቶ ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚረሳ ያለ አይመስለኝም።

በ2019 የታየው የሞገስ ታፈሰ ‹‹ቁራኛዬ››ም ከዚሁ ረድፍ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ የሚጓዙበትን የጥንት ሥርዓት መሠረት አድርጎ የተሠራ ነው። ከጠላቱ ጋር የታሰረ ሰው እርሱን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ አብሮት ይራመዳል፣ አብሮት ያርፋል። ከዚህ የተሻለ የዛሬው ፖለቲካችን ሥዕል አላውቅም። ሁላችንም ከሳሽ ነን፤ ሁላችንም ተከሳሽ ነን። ልዩነቱ፣ የጥንቶቹ ሁለቱም ወገኖች ወደሚያምኑት ዳኛ እየሄዱ ነበር። የእኛስ መንገድ ወዴት ነው?

‹‹ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ሰው ስሙ ሲጠራ ቢደሰት ምን ክፋት አለው?›› የሚል ወዳጅ አለኝ። ክፋትስ የለውም። ባዕድ ከተማ ተወልዶ የሚያድግ ልጅ በጨዋታው ውስጥ አማርኛ ሰምቶ ‹‹ይህ የእኛ ነው›› ቢል ደስ ይለኛል። እኔ የምለው ደስታው መነሻ እንጂ መድረሻ አይሁን ነው። የሀገራችን ወጣቶች ‹‹ኩኩሉ›› የምትባል፣ ዶሮ ከገበሬ የምታመልጥባት የስልክ ጨዋታ ሠርተዋል። ከእነ ‹‹ሲቪላይዜሽን›› ጋር ስትነጻጸር ትንሽ ናት፤ ዐፄም ጦርም የላትም። ሆኖም ሠርተዋታል። ተጠርተን ከገባንባቸው ትልልቅ ጨዋታዎች ይልቅ ተስፋ የምትሰጠኝ እርሷ ናት።

ስለዚህ አንድ ሥራ በእጃችን ሲገባ ‹‹ስማችንን ጠራ ወይ? አከበረን ወይስ ሰደበን?›› ከማለታችን በፊት ‹‹ምን እንዳስብ፣ ምን እንድሠራ አደረገኝ?›› ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ለዘፈንም፣ ለፊልምም፣ ለየካቲት ንግግርም ያገለግላል። አያቶቻችን 20 በመቶ አልተሰጣቸውም፤ መቶውንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

ቸር ይግጠመን።