እሑድ ማታ የሚደወለው ስልክ

የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» ያነበብኩት በልጅ ልጄ ምክንያት ነው። ከጓደኛዋ ተውሳ አምጥታ ሶፋው ላይ ትታው ወጣች። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ጀመርኩት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ ሲያርብኝ ሰነበተ።

መጽሐፉ መጀመሪያ በ2004 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ የታተመ ነው። ደራሲዋ ከሐረር ለዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ መጥታ ኢሕአፓ ገባች፤ በኋላም በደርግ ታስራ ዓመታት ቆየች። የምትወደውን ጌታቸው ማሩን የገደለው ግን ደርግ አይደለም፤ የገዛ ድርጅቱ ነው። እዚያ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ቡና አፈላሁ።

የእኔም ታላቅ ወንድም ኢሕአፓ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ጎንደር እያለን አንድ ሌሊት እናቴ ቀስቅሳኝ «የወንድምሽን ወረቀት ሁሉ አምጪ» አለች። ጎረቤት ጭሱን ቢያይ እንጀራ እየተጋገረ ነው እንዲል ምጣድ ጣድን። ደብተሮቹን እየገነጠልኩ የማገድኩት እኔ ነኝ። እሱ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ከገዳሪፍ ደብዳቤው የደረሰን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

እናታችን በ1980 ዓ.ም. ስታርፍ መርዶውን በደብዳቤ የጻፍኩለትም እኔ ነኝ። መርዶ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሰው አፍ ነው የሚነገረው። ጋሼ ግን ከሥራ ሲመለስ ፖስታውን ከፍቶ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ ብቻውን አነበበው። ይህ ዛሬም ያመኛል።

ለልጆቼ ከዚህ አንዱንም አልነገርኩም። ሐኪም ቤት የበሽተኛ ታሪክ ሳንጠይቅ መርፌ አንወጋም ነበር፤ ቤቴ ውስጥ ግን ማንም እንዲጠይቀኝ አልፈቀድኩም። ልጅ ልጄ መጽሐፉን ልትወስድ ስትመጣ «እማማ፣ ጋሼ የሸሹት ከደርግ ነው ወይስ ከጓደኞቻቸው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እሑድ ማታ እንደልማዱ ሲደውል ጥያቄዋን እንዳለ አቀረብኩለት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «አለሁ» አለና ስለ ጉልበቴ ሕመም ጠየቀኝ።

በሚቀጥለው እሑድ «ለልጆቹ እንዲቀር በስልክ ልቅዳህ» ብዬ ለመንኩት። «ከመተማ የሚጀምር ከሆነ እሺ» አለኝ። አሁን አራት እሑድ ቀድተናል፤ ገዳሪፍ ደርሰናል። ከመተማ በፊት ያለውን እስካሁን አልነካውም። እኔም ያቃጠልኩት ደብተር ውስጥ ምን ተጽፎ እንደነበር አልጠየቅሁትም።