የጥንቸሏ አገጭ

ባለፈው ክረምት አዴት ስገባ ታናሽ ወንድሜ ነጭ ጥንቸል ሲያሳድግ አገኘሁት። ኦሪት «አትብሉ» ካላቸው እንስሳት አንዷ ናትና ጎረቤት ያጉረመርማል፤ እናቴ ግን «ለመብል መች ሆነች፤ የልጅ ጨዋታ ናት» ብላ ዝም አሰኝታለች።

ጥንቸሏ አንድ አመል ነበራት። አገጯን በበርጩማው እግር፣ በእንስራው፣ በወንድሜ ጫማ ላይ ስታሽ ትውላለች። «እከክ ይዟታል፤ ወደ በጎቹ ሳይዛመት ትወገድ» አልሁ፤ የተማርሁት እኔ ነኛ! ወንድሜ አለቀሰ፤ በእሱ ለቅሶ ተረፈች። እኔም ጎጆዋን በሳሙና ፈትጌ አጠብሁላት። ምስጋናዋ ምን ሆነ? ከጥግ እስከ ጥግ እየዞረች ሁሉንም እንደገና ባገጯ አሸችው።

ነገሩ የገባኝ ወደ ግቢ ተመልሼ ሳነብ ነው። ጥንቸል ከአገጯ ሥር ዕጢ አላት። ከዚያ የሚወጣው ሽታ ለእኛ አፍንጫ አይታወቅም፤ ለእሷ ግን «ይህ የእኔ ነው» ማለት ነው። እኔ ቆሻሻ ብዬ ያጠብሁት ለካ ስሟን ኖሯል!

ለፋሲካ ስመለስ ይህን ለእናቴ ብነግራት ምንም አልደነቃት። «ላሟስ? ጥጃዋ ሲሞት ቆዳውን ገለባ ሞልተን፣ ጨው ነስንሰን ካላስጠጋንላት መች ትታለባለች? ልጇን በዐይኗ ብቻ የምታውቀው መስሎሃል?» አለችኝ።

ከዚያ እንደ ልማዷ አንገቴን ሳመችኝና ቀና ብላ «ሳሙና ሳሙና ትላለህ» አለች። ሳቅን። ማታ ግን የእሷን ጋቢ ተከናንቤ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ጭሱ መሐል ብዙ ተቀመጥሁ።