ባሕር ዛፍ በባቱሚ

ከጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከባቱሚ ከተማ በስተሰሜን 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ባሕሩ ሾልኮ የገባ ኮረብታማ መሬት አለ። ከባሕሩ የሚነሣው እርጥብ አየር ከኋላው በተገተሩት ተራሮች ስለሚታገድ እዚያው ይዘንባል፤ የዓመቱ ዝናብ ከ2,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። የብርዱም ወራት የሚከብድ አይደለም። ስለዚህ የቻይናው ቀርከሃ፣ የሂማላያው ጥድ፣ የሰሜን አሜሪካው ማግኖሊያ ከ100 ሄክታር በላይ በሆነ አንድ የዕፅዋት ሥፍራ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ሥፍራውን እ.ኤ.አ. በ1912 የመሠረተው አንድሬይ ክራስኖቭ ነው። ክራስኖቭ በካርኮቭ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረ የጂኦግራፊና የዕፅዋት ሊቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1895 የሻይን አተካከል ለማጥናት እስከ ቻይናና ጃፓን ተጉዟል። ያየውን ዓለም በዚህ ኮረብታ ላይ በዘጠኝ ክፍል ከፍሎ አሰፈረው። የጎበኘ ሰው ከሂማላያ ተነሥቶ ጥቂት እንደ ተራመደ ሜክሲኮ ይደርሳል። ተካዩ ግን ጥላውን አላየም። እ.ኤ.አ. በ1914 ሞቶ በዚያው በተከለው ሥፍራ ተቀበረ። ዛሬ ሰማይ የሚጋርዱት ዛፎች ያን ጊዜ ለጋ ችግኞች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1983 በሐምሌ፣ ጆርጂያ ገና የሶቪየት ኅብረት አካል ሳለች፣ በካርኮቭ የሚማር አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ወደዚህ መጣ። ከሀገሩ ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። በረዶውን ለምዷል፤ ቋንቋውንም ተክኗል፤ ናፍቆትን ያሸነፈም ይመስለው ነበር። ከጓደኞቹ ኋላ ቀርቶ በጠባቡ መንገድ ሲያዘግም ዝናብ መጥቶ ሄደ። ወዲያው አንድ ሽታ ካለበት አቆመው። ጉንፋን ሲይዘው እናቱ ያጥኑት የነበረው ቅጠል ሽታ ነበር፤ በድስት የሚፈላው ውሃ፣ ከላይ የተከናነበው ጋቢ፣ ዐይን የሚያስነባው እንፋሎት፣ «ታገሥ ልጄ፣ ሳበው» የሚለው ድምፅ፣ ሁሉም ባንዴ መጡበት። ቀና ቢል ቅርፊቱ የተላጠ ረጅም ዛፍ ቆሟል። ጠጋ ብሎ ግንዱን ዳሰሰው።

«አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው ባማርኛ።

ከግንዱ ሥር የተተከለችው የስም ሰሌዳ ግን የዛፉ ሀገር አውስትራሊያ መሆኑን ትናገር ነበር። ወጣቱ ደጋግሞ አነበባት። የቤተሰቡን ምሥጢር ከባዕድ አፍ እንደ ሰማ ሰው ከፋው። ሦስት ዓመት ሙሉ ችሎ የያዘው እንባ ያመለጠው ለሌላ ሀገር ዛፍ ነበርና።

ነገሩ በእርግጥ ምሥጢር አልነበረም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አልቆ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት ፈጥኖ የሚያድገው ይህ እንግዳ ዛፍ ነው። በጆርጂያም ረግረጉን እንዲያደርቅ፣ የወባንም መራቢያ እንዲያጠፋ በኮልኺስ ዝቅተኛ ምድር ተተክሏል። ውሃ መጠጣቱ በዚያ ምስጋና አተረፈለት፤ በሸዋ ተዳፋት ግን ያው ጥማቱ ክስ ሆነበት። ምንጭ አደረቀ፣ ከሥሩም ሣር አላበቅል አለ ተባለ። ዛፉ አንድ ነው፤ የተለያየው የቆመበት መሬት ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያ ወጣት ጠጕሩ ገብስማ ሆኖ፣ ያረጁ እናቱን ደግፎ ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ወጣ። በዚያ ከ700 ሄክታር በሚበልጠው ተራራማ መሬት ላይ ባሕር ዛፉ እየተነሣ በምትኩ የሀገሩ ዛፎች፣ ጥዱና ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው ይተከላሉ። እናቲቱ ከአንድ ጉቶ አጠገብ ሲያርፉ ልጅዬው የባቱሚውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አጫወታቸው።

«እማዬ፣ ይህ ዛፍ እኮ የእኛ አይደለም፤ ሀገሩ አውስትራሊያ ነው» አላቸው።

«ስሙስ ምን ይላል?» አሉት። «ባሕር ዛፍ ብለን የምንጠራው ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ሳናውቅ መሰለህ?»

ከዚያም ዝቅ ብለው ከተቆረጠው ቅርንጫፍ አንድ ቅጠል አነሡ፤ በጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

«ኮሶውን መትከላቸው ደግ ነው፤ ያባቶቻችን ነው። ይኼም ግን ዳቦህን ጋግሮ፣ ሳልህን አሽሮ አሳድጎሃል። ሲቆርጡት እንኳ በስድብ አይሁን።»

ጥቂት ቅጠል ጨምረው ለቀሙና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ።