የኤልያስ ስሜ ሽቦዎች

እዚህ ላስ ቬጋስ አጠገብ ባለችው ዊትኒ ብዙዎቻችን እንጀራችን ከካሲኖ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያበሩና ሲጮኹ የሚያድሩትን የቁማር ማሽኖች ባየሁ ቁጥር ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ትዝ ይለኛል። እነዚህ ሲያረጁ ሆድ ዕቃቸው የት ይገባ ይሆን?

ኤልያስ ከመርካቶ የተገዛ አሮጌ የኮምፒውተር ሰርኪውት፣ የኪቦርድ ቁልፍና ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ እየገመደ እንጨት ላይ ይሠራል። ሥራው ከሩቅ ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ግን እያንዳንዷ ሽቦ የሰው እጅ የገመዳት ናት። «ቆሻሻን ወደ ጥበብ ቀየረ» የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም፤ ሰውየውን ያሳንሰዋል። እኔን የሚገርመኝ ትዕግሥቱ ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. ሳንታ ሞኒካ ላይ ለብቻው ሲያሳይ ክርና የልብስ ቁልፍ ነበር የሥራው ዋና ነገር። ከ10 ዓመት በኋላ «ታይትሮፕ» የተባለው ዐውደ ርዕዩ በሃሚልተን ኮሌጅ ዌሊን ሙዚየም ተከፍቶ ወደ አክሮንና ካንሳስ ሲቲ ተሻገረ። በዚያው ዓመት ከዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ውስጥ በሩን ከፈተ። ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ አትክልት የሞላበት ግቢ ነው።

እናንተም ቬጋስ ያላችሁ ሠዓሊዎች፣ እንደ ኤልያስ ሥራችሁን ለሰው አሳዩ እንጂ አልጋ ሥር አታስቀምጡ። ትሮፒካና ጎዳና ላይ ያለው የዊትኒ ቤተ መጻሕፍት ሥዕል የሚሰቀልበት ግድግዳ አለው። ሄዳችሁ ጠይቁ፤ እኛም ልጆቻችንን ይዘን እንመጣለን።