ሁለቱ ምስክሮች

መስከረም 2012 ዓ.ም. ነበር። እናቴን ከኋላ አስቀምጬ፣ ለአጎቴ ሙት ዓመት የሚሆን ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከጎኗ ጭኜ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር እወጣለሁ። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን እንደተያያዝነው የነዳጅ መስጫው ፔዳል ከእግሬ ሥር ባዶ ሆነ። እስከ ወለሉ ብረግጠውም መኪናዋ እንደ ደከመች አህያ በእርምጃ ሆነች። ቢጫው የሞተር መብራት በርቷል። ከኋላዬ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ያንባርቃል፤ ከፊቴ መታጠፊያ ነው። እናቴ ማርያምን መጣራቷን አቋርጣ፣ «ልጄ፣ ባሕር ዳር ያ ሁሉ ብር የወጣባት ይህችው ናት?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ከሁለት ወር በፊት ይኸው መብራት በርቶ ባሕር ዳር አንድ ጋራዥ ገብቼ ነበር። ማንበቢያቸውን ሰክተው «ፒ 2138» የሚል ቁጥር አወጡ፤ ለሞተሩ አየር የሚያስገባውን ትሮትል ለወጡ፤ የሁለት ወር የጽሑፍ ገቢዬን ተቀበሉ፤ መብራቱን አጠፉ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ።

እየተንፏቀቅን ደብረ ታቦር ደረስን። እዚያ ያገኘሁት ወጣት ኤሌክትሪሺያንም ያንኑ ቁጥር አነበበ። «ጋሼ፣ ይሄ የት እንደምንፈልግ እንጂ ምን እንደምንቀይር አይነግረንም» አለና አስረዳኝ። በድሮ መኪና እግርንና ሞተርን የሚያገናኘው ካቮ ነው፤ ትስበዋለህ፣ ይሳባል። በአዲሶቹ ግን ፔዳሉ የእግርህን ልክ በኤሌክትሪክ ይናገራል፤ የሚናገሩትም ሁለት ሴንሰሮች ናቸው። የሁለቱ ቃል ካልተስማማ ኮምፒዩተሩ አንዱንም አያምንም። ሳይታዘዝ ከሚበር፣ ታዞ ቢያዘግም ይሻላል ይላል።

ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ከፈተና ቴስተሩን በፔዳሉ ሽቦዎች ላይ በየተራ አሳረፈ። እኔ ፔዳሉን በእጄ ቀስ እያልኩ ተጫንኩ። የአንደኛው ቮልት ያለ እንከን ወጣ። የሁለተኛው ግን ሩብ ያህል እንደተጫነ ወደ ዜሮ ወድቆ ይመለሳል። ደገምን፤ እዚያው ቦታ ወደቀ። ጥፋቱ የሽቦ እንዳይሆን ብሎ ከኮምፒዩተሩ የሚመጣውን 5 ቮልት ለካ፣ ኔጋቲቩን አየ፣ ሽቦውን አወዛወዘ። ደኅና ነው። ፔዳሉ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን፣ እግር ዘወትር በሚያርፍበት ቦታ ተሸርሽሯል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ባሕር ዳር ይህን ግማሽ ሰዓት የነፈገኝ ማን ነው? እኔም አልጠየቅኩ።

ሴንሰሩ ለብቻው አይሸጥም፤ ከነፔዳሉ ነው። ያገለገለ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ በአውቶቡስ እስኪመጣ ሙት ዓመቱ አለፈ፤ እኔም ጋፋት ወጥቼ የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሠራበትን ቦታ አየሁ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ከዚህ ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደርሷል። እኔን ዳገት ላይ ያስቀረኝ ከጥፍር የሳሳ ነገር ነው።

ፔዳሉ ሲመጣ ሥራው ጥቂት ቡሎንና አንድ ሶኬት ሆነ። ልጁ ግን ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ሁለቱንም ቮልት እንደገና ለካ። ከዚያ ወደ ጉና አቅጣጫ ዳገት መርጦ ሞከራት፤ ወጣች። አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ለባሕር ዳሮቹ አሳያቸው» አለኝ።

ስመለስ ጋራዡ በር ላይ ጥቂት ቆምኩና አለፍኩ። ፔዳሉ ዛሬም ከመጻሕፍቴ አጠገብ ነው። እናቴ በመጣች ቁጥር አንሥታ በእጇ ትጫነዋለች፤ «አሁን ይሄ ምኑ ነው የታመመው?» ትላለች።