መካኒክ የማያየው ብልሽት

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያፈላልገው ሁለት ሰው ነው፤ ደላላና መካኒክ። ደላላው መኪናውን ያገኝለታል፣ መካኒኩ ያይለታል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን በጣቱ ይነካል፣ ሞተሩን አስነሥቶ ጭሱን ያያል፣ ከሥር ገብቶ የሚያንጠባጥብ ነገር ይፈልጋል። «ሞተሩ አልተነካም፣ ግዛው» ካለ ነገሩ እንዳለቀ ይቆጠራል። ሊብሬውም ይታያል፤ ግን ገለጥ ተደርጎ ብቻ ነው። እላዩ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ፣ ያ ሰው አሁን የት እንዳለ አጥብቆ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የደከመ ሞተር ወርዶ ይታደሳል፣ ቢብስ ሶማሌ ተራ ተሂዶ ሌላ ይፈለጋል። ባለቤቱ ሳያውቅ የተሸጠ፣ ባንክ በመያዣነት የያዘው ወይም ፍርድ ቤት ያገደው መኪና ግን የሚጠግነው ጋራዥ የለም።

ገንዘቡ ቀላል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላስጨነቀ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ቪትዝ ሳይቀር ከሚሊዮን ብር በላይ የምትጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሚሊዮን ብር ደግሞ ከአንድ ኪስ አይወጣም። እህት ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ለዓመታት ሠርታ የላከችው አለበት፤ የዕቁብ እጣ አለበት፤ ከአጎት የተበደሩት አለበት። ልጁ ሜትር ታክሲ ይሠራበታል፣ ቤተሰቡም ይተዳደርበታል ተብሎ ነው የሚገዛው። መኪናው በፖሊስ የተወሰደ ቀን የሚከስረው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ብቻ አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ገንዘብ የያዘ ሰው ለምን አጥብቆ አይጠይቅም? ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ይሉኝታ ይዞት ነው። ሻጩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ንጹሕ ኮት ለብሰዋል፣ ቡና ጋብዘዋል፣ «ልጄ» እያሉ ነው የሚያወሩት። እኚህን ሰው «ጋሼ፣ እስቲ መታወቂያዎን ልየው» ማለት አፍ ላይ ይከብዳል፤ «ሌባ መሰልኩህ ወይ?» ያሰኛል። አጭበርባሪ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የተፋቀ የሻንሲ ቁጥርና የሐሰት ማኅተም መሣሪያዎቹ ናቸው፤ ዋናው መሣሪያው ግን የገዢው ጨዋነት ነው።

ይሉኝታ በጣም የሚጎዳው ውክልና ላይ ነው። «መኪናው የወንድሜ ነው፣ እሱ አሜሪካ ነው፣ ውክልናው እኔ ጋ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ውጭ አገር የሚኖር ሰው ንብረቱን በዘመድ በኩል መሸጡ የተለመደ ነው። ነገር ግን ውክልና አንዴ ከተጻፈ ለዘላለም የሚሠራ ወረቀት አይደለም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞትም ይቀራል። በጥቅሉ ለማስተዳደር የተሰጠ ውክልና ደግሞ ለመሸጥ አያበቃም፤ መሸጥ እንደሚችል በግልጽ ሊጻፍበት ይገባል። ስለዚህ ውክልናውን ማንበብ፣ ውልና ማስረጃ ሄዶ አለመሻሩን ማጣራት፣ ወካዩን በቪዲዮ ደውሎ «መኪናዎን ሊሸጡልኝ ነው፣ ያውቃሉ?» ማለት ያስፈልጋል። ቅን ወኪል ስልኩን ራሱ ይደውላል።

ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ሲሸጥም አንድ የሚያሳፍር ጥያቄ አለ፤ የትዳር ጥያቄ። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። 500 ብር የማያወጣ መኪና የለም። ያልተስማማው ወገን ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። «ባለቤትዎ ተስማምተዋል ወይ?» ማለት እንግዲህ በሰው ትዳር መግባት አይደለም፤ ካልተጠየቀ ግን ገዢው በማያውቀው ጠብ መሀል ይገኛል። መኪናው የሟች ከሆነም የወራሽነት ማስረጃ ይጠየቃል፤ «እኔ የበኩር ልጁ ነኝ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም።

ከዚያ ፋይሉ አለ። ሻጭን ይዞ መኪናው የተመዘገበበት ቢሮ መሄድ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ላይ አንብቦ ከፋይሉ ጋር ማስተያየት፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት መጠየቅ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ቀረጡ ሳይከፈል አይተላለፍም፤ «እሱን በኋላ እንጨርሰዋለን» የተባለ ነገር የሚያልቀው በገዢው ኪስ ነው። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ለመኪናው ቀለም ሦስት ቅዳሜ የሚመላለስ ሰው ለፋይሉ ግማሽ ቀን ይነፍጋል።

ችኮላውም የሚመጣው ከደላላ ነው። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፣ ቀብድ ጣል አድርግ» ይላል። ቴሌግራም ላይ የወጣ መኪና፣ ዋጋው ከሌላው የቀነሰ፣ ባለቤቱ «ክፍለ ሀገር ነኝ»፣ ቀብዱ ደግሞ በስልክ የሚላክ ከሆነ ገና መኪናው ሳይታይ ገንዘቡ ሄደ ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ የሚሠራው ግን ተቀባዩ ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ሲታወቅ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚህ ላይ ደግሞ የፈሰሰው አይለቀምም።

ውሉ ሲጻፍ ሌላ ይሉኝታ ይመጣል። «ክፍያ እንዳይበዛብን ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው» ይባላል። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ስለሆነ እምቢ ማለት እንደ ክፋት ይታያል። የግብሩ ነገር ራሱ ጥፋት መሆኑ ሳይረሳ፣ ውሉ የፈረሰ ቀን ገዢው በእጁ ያለው ማስረጃ ሦስት መቶ ሺህ የሚል ወረቀት ነው። ቀሪው ሚሊዮን በቃል ቀረ።

ሻጭም አይድንም። መኪና የሚሸጥ ሰው ገንዘብ ተቀባይ ስለሆነ የሚጠነቀቅ አይመስለውም። ገዢው ስልኩን እያሳየ «ልኬያለሁ፣ ኔትወርክ ይዞት ነው» ይላል፤ ከባንክ የመጣ የሚመስል የጽሑፍ መልእክትም ይገባል። መልእክት ግን ገንዘብ አይደለም። ሒሳቡ ውስጥ መግባቱን ባንኩ ራሱ እስኪያረጋግጥ ድረስ ቁልፍ አይሰጥም፤ «ገንዘቡን ተቀብያለሁ» በሚል ውል ላይም አይፈረምም። ሲፒኦ ከሆነ ያወጣው ባንክ ቀርቦ ይጠየቃል። ሁለቱም ባንክ ውስጥ ተገናኝተው ቢጨርሱት ማንም ማንንም መጠርጠር አይኖርበትም።

ስም ሳይዞር በውክልና ብቻ መኪናውን አስረክቦ መሄድም አለ። ሻጩ ገንዘቡን ቆጥሮ ተገላገልኩ ይላል። ወረቀቱ ላይ ግን ባለቤቱ አሁንም እሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። ከዓመት በኋላ የማያውቀው ሹፌር በማያውቀው ከተማ ሰው ገጭቶ መጥሪያው የሚመጣው ለእሱ ነው። ገዢውን «እስከ ማክሰኞ ስሙን አዙረን እንጨርስ» ማለት ያፈረ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ ያፍራል።

መኪናውንስ? እሱም መታየት አለበት፤ ግን መካኒኩን ገዢው ራሱ ያምጣው። ደላላው ያመጣው መካኒክ የማንን እንጀራ እንደሚበላ አይታወቅም። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ይነሣ፤ ገዢ ከመምጣቱ በፊት የተሞቀ ሞተር ችግሩን ይደብቃል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር በኮምፒውተር ይቀነሳል፤ ያለቀ የፍሬን ፔዳልና የተላጠ መሪ ግን አይዋሹም። በስቱኮ የተሞላ ላሜራ ላይ ማግኔት አይይዝም። ይህን ሁሉ ለማድረግ ማንም አያፍርም፤ ብረት መመርመር ነውር አይደለምና። ነውር የሚመስለው ሰውን መጠየቅ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በገጠር ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ትከሻውን ይዳብሳል። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞሮ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሚያውቀው ይጠይቃል፤ ካላመነው ዋስ ጥራ ይላል። ሻጩም አይቀየምም፤ የሰረቀው በሬ አለመሆኑን የሚመሰክርለት ሰው ፈልጎ ያመጣል። ዋስ መጠየቅ ስድብ አልነበረም፤ የገበያው ሥርዓት ነበር። ከተማ ሲገባ በሬው መኪና ሆነ፣ ዋጋው ሚሊዮን ሆነ፣ ዋሱ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ይሉኝታ መጥፎ ነገር አይደለም። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያኖር፣ ለቅሶ ቤት የሚያስቀምጥ እሱ ነው። የሚሠራው ግን ነገ በሚተያዩ ሰዎች መካከል ነው። ነገ ስልኩን ከሚያጠፋ ሰው ጋር ሲሆን አንዱ ብቻ የሚከፍለው ዕዳ ይሆናል። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ብለው የተረቱት ገንፎ የምታቀርበውን ሴት ለመስደብ አይደለም፤ ጉሮሮ አንድ ስለሆነ ነው።

ይህን የሚያቀልለው ደግሞ ቅን ሻጭ ነው። ገዢ እስኪጠይቅ ሳይጠብቅ መታወቂያውን፣ ሊብሬውን፣ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃውን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ «እይ፣ ከፈለግህ ነገ ፋይሉንም አብረን እናያለን» ቢል ምንም አይጎድልበትም። ገዢውም ሳይሽኮረመም ያነባል። እንዲህ ያለው ሻጭ ሲበዛ «መታወቂያዎን ልየው» የሚለው ቃል እንደ በሬው ጥርስ ተራ ነገር ይሆናል፤ ወረቀቱን ማሳየት የማይፈልገው ሰውም ለብቻው ተለይቶ ይታያል።